«የቀኙ ነኝ» ያልኩበት ቀን

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም ነበር። ንስሐ አባቴም አያውቁም ነበር። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከፊታቸው ተንበርክኬ መጠጤን፣ ቁጣዬን፣ ሰው ማማቴን አንድ በአንድ እዘረዝርና እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነበረ። አሁን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ተናገር ተብዬ ነው፤ ማን እንዳዘዘኝ ስደርስበት ትሰማላችሁ።

ሰው አልገደልኩም። አልሰረቅኩም። ሁለት ቃል ነው የተናገርኩት። ከዚያ ደግሞ ሁለቱን ቃል ለመሸፈን ብዙ ሌላ ቃል ተናገርኩ።

ደረጀ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ ተመድቦ መጥቶ ሆሳዕና ሲያስተምር ኖሮ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሀዲይኛ እያወራሁ አደግኩ። ከሁሉም የሚቀርበኝ ጴጥሮስ ነበር፤ የእማማ ማርታ ልጅ። እማማ ማርታ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ማለዳ ማለዳ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ናቸው። ጴጥሮስ በሦስት ዓመት ያንሰኛል። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠን የፈረንጅ ሬስሊንግ እናይ ነበር። ሌላው ልጅ በቡጢው ሲፈነድቅ እሱ ዓይኑን የሚተክለው ምሰሶ ላይ ወጥተው በሚዘልሉት ላይ ብቻ ነበር።

አድገን የራሳችንን ቡድን አቋቋምን። ሰባት ነበርን፤ ስምንተኛው ድሮ ጂምናስቲክ ያስተምር የነበረው አሰልጣኛችን። ሪንጋችን አራት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ የጭነት መኪና ገመድ፣ ሳንቃ፣ በላዩ ላይ የገለባ ፍራሽና ሸራ ነው። በገበያ ቀን መኪና ላይ ጭነነው ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሀደሮ እንሄዳለን፤ ገበያተኛው ግማሹ ሸጦ ግማሹ ሳይሸጥ ይከበናል። ጴጥሮስን ሕዝቡ «አሞራው» ነበር የሚለው። ምሰሶው ጫፍ ላይ ይወጣና ሁለት እጁን ይዘረጋል። ሰዉ ዝም እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ ይነሣል፤ አየር ላይ አንድ ጊዜ ይገለበጥና በደረቱ እኔ ላይ ይወርዳል።

እኔ ነኝ የምቀበለው። ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ሬስሊንግ ላይ ጠላት መስለው የሚታዩት ሁለት ሰዎች ሕይወታቸውን የተዋዋሱ ናቸው። የዘለለው ሰው ወድቆ እንዳይሰበር የሚያደርገው ከታች የቆመው ነው። ደረቱንና ትከሻውን ይዤ አብሬው ወደ ኋላ እወድቃለሁ፤ ከውጭ ለሚያይ ግን የጨፈለቀኝ ይመስላል። ሕዝቡ ለእሱ ያጨበጭባል። ቀናሁበት? አልቀናሁም። ቅናት ቢሆን ኖሮ ለመናዘዝም ይቀለኝ ነበር። እወደው ነበር። እየወደድኩት ነው ያደረግኩት።

ነገሩ የጀመረው ሞርሲቶ ገበያ ላይ ነው። ዝናብ አፈሩን አርሶት ስለነበር ጴጥሮስ ሊነሣ ሲል ምሰሶው ዘመም አለ፤ እሱም ከሳንቃው ጠርዝ ጋር በማጅራቱ ተጋጨ። ተነሥቶ እየሳቀ ጨረሰ። ከአራት ቀን በኋላ ልምምድ ላይ ለብቻዬ ጠራኝና «ደሬ፣ አንዳንዴ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለኝ። ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ጤና መኮንኑ ጣቱን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ዓይኑን ካየ በኋላ «አንድ ወር ሙሉ ዝላይ የሚባል ነገር እንዳትነካ። በዚህ ላይ ሌላ ምት ከተጨመረ አደጋ ነው። ካልተሻለህ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እጽፍልሃለሁ» አለው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አልሰማሁም የምልበት ምንም መንገድ የለኝም።

ከበሩ ስንወጣ ጴጥሮስ «ለአሰልጣኙ ልንገረው» አለኝ።

እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከአዲስ አበባ አንድ መልማይ ሊመጣ ነው። ዓረብ አገር እየሄደ ትርኢት ለሚያሳይ ቡድን ሰው የሚመርጥ ሰው ነው፤ የሚመርጠውም ጥንድ ጥንድ ነው ተብሏል፤ አንድ ዘላይ ከአንድ ተቀባይ ጋር። ያለ ጴጥሮስ እኔ ምንድን ነኝ? አንድ ግዙፍ ሰው ነኝ፤ ቆሞ የሚጠብቅ።

«አሁን ከነገርከው ያወጣሃል። ትርኢቱ ይለፍና ታርፋለህ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «አንተ ካልክ እሺ» አለ።

አንተ ካልክ። ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ። በኋላ ይህን ሰው ምክር አይሰማም ብዬ ነው ለዓለም ያወራሁበት።

እሑዱ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ። ከሆሳዕና ሰው ያልመጣ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አጥር ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። መልማዩ ጥቁር መነጽር አድርጎ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔና ጴጥሮስ የመጨረሻዎቹ ነበርን። ከጀመርን በኋላ እጁን ስይዘው እጁ ቀዘቀዘኝ። ሁለት ጊዜ ሊይዘኝ ሲዘረጋ ከክንዴ አጠገብ አየር ጨበጠ። ሰዉ ማታለያ መስሎት ሳቀ። እኔ ገብቶኛል።

ጥግ ላይ ተናንቀን ስንያዝ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ በሀዲይኛ ነገረኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«ዛሬ ሁለት ሆነህ ነው የምትታየኝ።»

በዚህ ጊዜ ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለ ቀን ያዘጋጀነው ነገር ነበረ። አንዳችን ካመመን ሌላው ተሸንፌያለሁ ብሎ ይወድቃል፤ ዳኛው ይቆጥራል፤ ያልቃል። ሕዝቡ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ማንም አይጎዳም። መውደቅ ብቻ ነበር። ስንት መቶ ጊዜ ወድቄ አውቃለሁ፤ ያን ቀን መውደቅ እንዴት አቃተኝ? አላቃተኝም። አልፈለግኩም። በጴጥሮስ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ፤ መልማዩ መነጽሩን አውልቆ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ያየናል።

«የቀኙ ነኝ» አልኩት። «ወደ ቀኙ ዝለል።»

በእሱ ዓይን ውስጥ ከሁለቱ የትኛው እኔ እንደሆንኩ በምን አውቃለሁ? ሰው በሌላ ሰው ዓይን ገብቶ ማየት ይችላል? አላውቅም ነበር። ግራ ማለትም እችል ነበር። ቀኝ አልኩ። ወንድሜን በግምት ወደ ሰማይ ላክሁት።

ጴጥሮስ አልጠየቀኝም። ራሱን ነቀነቀና ምሰሶው ላይ ወጣ። እጁን ዘረጋ። ሰዉ ዝም አለ። ከዚያ ተነሣ፤ ተገለበጠም፤ ከእኔ በስተግራ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መጣ። ወደሱ ተወረወርኩ። ጣቶቼ የሹራቡን ጫፍ ነኩት። ገመዱን አልፎ በአንገቱና በትከሻው ሜዳው ላይ አረፈ። ድምፁን አልገልጸውም።

በሳንቃ ላይ አድርገን ሆስፒታል ወሰድነው። እማማ ማርታ ነጠላቸውን ሳይደርቡ እየሮጡ መጡ። ኮሪደሩ ላይ ደረቴን ያዙና «ማን ነው ዝለል ያለው? እሱ ይፈራ ነበር፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም ነበር፣ ማን ነው ዝለል ያለው?» አሉኝ።

«ማንም አላለውም፣ እማማ። ተው ብዬው ነበር። እልህ ይዞት ነው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ልጃቸው በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ ሳለ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። በማግሥቱ መልማዩም ጠየቀኝ፤ ለእሱም ይህንኑ ደገምኩለት። አሰልጣኛችንም ጠየቀኝ። በሦስተኛው ጊዜ ስናገረው አፌ ለምዶት ነበር።

ጴጥሮስ በስድስተኛው ቀን በደንብ ነቃ። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ጠዋት ቁርስ መብላቱን ብቻ ነው። ሌላው ጠፍቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ ቀና ብሎ አየኝና «ደሬ፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ። ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይገኝ ነበር? እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔም ያን ባዶ ቦታ በራሴ ውሸት ሞላሁለት። ተው ብዬው እንደነበር፣ እንዳልሰማኝ፣ ሲዘልል እግሩ ተሳስቶ እንደተነሣ ነገርኩት።

ዓይኑ እንባ ሞላ። «እንግዲያው ያንተንም ዕድል ነው ያበላሸሁት። ይቅር በለኝ» አለኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ካደረግኩት ሁሉ ይህ ይብሳል። የመጀመሪያውን ቃል በሰው ጩኸት መካከል፣ በችኮላ ተናገርኩት ልበል። ይህን ግን ረጋ ብዬ፣ እጁን ይዤ ነው ያልኩት። የበደልኩትን ሰው ይቅር አልኩት።

የኔ ዕድል አልተበላሸም። መልማዩ «ዘላይ ሞልቷል፤ ሰው መቀበል የሚችል ነው የሚጠፋው» ብሎ መረጠኝ። ሰው መቀበል የሚችል። አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ዓረብ አገር ሄድኩ፤ አምስት ዓመት ሠራሁ። አንድ ጊዜ ለዕረፍት ስመጣ በሬዲዮ ቀርቤ ለወጣቶች ምን ትመክራለህ ተባልኩ። «ከእኔ የሚበልጥ ጓደኛ ነበረኝ፤ ምክር አልሰማ ብሎ ተሰበረ፤ እባካችሁ የሚመክራችሁን ስሙ» አልኩ። ስሙን ሳይቀር ጠራሁ። ጴጥሮስ ሆሳዕና ሆኖ ሰምቶታል። ደውሎ አመሰገነኝ፤ «ለሌላው ትምህርት ይሆናል» አለኝ።

እሱ ተርፏል፤ ግን ግራ እጁ ዕቃ አይጨብጥም፤ ራሱን ያመዋል፤ አንገቱን ሲያዞር መላ ሰውነቱ አብሮ ይዞራል። መናኸሪያ ትኬት ይቆርጣል። እኔ ተመልሼ ሆሳዕና ላይ ጂም ከፈትኩ፤ ለሚመጣው ሁሉ ያስተዋውቀኛል፤ ወንድሜ ነው ይላል።

ባለፈው ዓመት ሀደሮ ላይ የምታስተምር አስቴር የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ። እኔን ሚዜ አድርጎ መረጠኝ፤ እሺ አልኩ። እንግዲህ ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የአስቴር አጎት ጂም ድረስ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ቁጭ ካሉ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ልጅ ልንሰጥ ስለሆነ ማጣራት ግድ ነው። ስለ ጴጥሮስ የጠየቅነው ሰው ሁሉ ደግ ነው፣ ሠራተኛ ነው ይለናል። ግን ሁሉም ጨምሮ እልኸኛ ነው፣ ምክር አይሰማም ይላል። ራሱን የሰበረው በእልህ ነው ይላሉ። አንተ እዚያው ነበርክ አሉ።»

«ነበርኩ።»

«እውነት ነው?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አይደለም ማለት። «ያኔ ልጅ ነበር፣ አባባ» አልኩ። «አሁን ተለውጧል።»

አያችሁ? ውሸቴን በደግነት ጠቅልዬ እንደገና ሰጠሁ። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እልህ ከሰው ይወጣል እንዴ» አሉና አመስግነውኝ ሄዱ።

ከአራት ቀን በኋላ ጴጥሮስ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ጠራኝ። ውጭ ረዳቶች ዱራሜ፣ ወራቤ እያሉ ይጮኻሉ። የአስቴር ቤተሰብ ነገሩን እናስብበት ብለው ቀጠሮውን አራዝመዋል። ይሰድባቸዋል ብዬ ጠበቅኩ።

«እውነታቸውን ነው» አለኝ። «እኔም ሴት ልጅ ቢኖረኝ ምክር ለማይሰማ ሰው አልሰጥም። በራሴ ያመጣሁት ነው።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ደግ ሆኜ አይደለም፤ አልቻልኩም እንጂ። «ጴጥሮስ፣ ዝለል ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። ጤና ጣቢያውን፣ አሰልጣኙን እንዳይነግር መከልከሌን፣ ጥጉ ላይ በጆሮዬ የነገረኝን፣ የመለስኩለትን ሁሉ ነገርኩት። ሻዩን አልነካውም። ሳበቃ እንዲመታኝ ተመኘሁ።

«ዝላዩ እንዴት ነበር?» አለኝ።

አልገባኝም።

«የመጨረሻው ዝላዬ። አላስታውሰውም። እግርህ ተሳስቶ ነው ብለኸኝ ነበር። ተሳስቶ ነበር?»

«አልተሳሳተም። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርገህ ዘልለህ አታውቅም። ስትገለበጥ እግርህ እንደ ቀጥ ያለ እንጨት ነበር። ያልኩህ ቦታ ላይ ነው የወረድከው። እኔ ነኝ እዚያ ያልነበርኩት።»

«ጉድለት አልነበረውም?»

«አልነበረውም።»

ያኔ አለቀሰ። ሰው እያየው፣ ፊቱን ሳይሸፍን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዝለል እንደማይችል ሰው ራሱን ሲወቅስ ኖሯል። አካሉ የተሰበረበትን ሰው፣ የነበረችውን አንዲት ኩራቱንም እኔ ወስጄበት ነበር። እንባውን ጠርጎ ተነሣ፤ የሥራ ሰዓቱ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። አልመለሰልኝም። በር ላይ ሲደርስ መላ ሰውነቱን አዞረና «ለእናቴ ራስህ ንገራት» አለኝ።

ሄድኩ። እማማ ማርታ ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ስጨርስ የሰሙት እውነት አልመሰላቸውምና «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። የያዙትን ቅጠል ቀስ ብለው ሳፋው ውስጥ አስቀመጡ።

«እጁ ብርጭቆ በጣለ ቁጥር የእልህህ ዋጋ ነው እለው ነበር» አሉ በሀዲይኛ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «ራሱን ሲያመው ጓደኛህን ብትሰማ ኖሮ እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም። ልጄን ዘጠኝ ዓመት ስሰድበው ኖርኩ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«እኔ እግር ላይ አትውደቅ። ስትዋሽ ሰው ሁሉ ሰምቶሃል፤ ሰው ሁሉ በሰማበት ተናገር። የልጅቷ ቤተሰቦች ጋም ዛሬውኑ ሂድ።»

ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። በዚያው ቀን ሀደሮ ሄጄ ለአስቴር አጎት ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ውኃ እንኳ ቅመስ ሳይሉኝ ሸኙኝ፤ ትክክል ናቸው። ለንስሐ አባቴም፣ ለሚስቴም፣ ለአሰልጣኛችንም ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ለእናንተ፤ በሬዲዮ የሰማችሁኝ ካላችሁ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበራችሁ ካላችሁ ስሙ። ጴጥሮስ ምክር ሰምቷል። የሰማው የኔን ነው።

ሰርጉ ለመጪው ወር ተቆርጧል። ሚዜው ሌላ ሰው ነው። ና አልተባልኩም፤ አትምጣም አልተባልኩም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ መልማዩ ነው አልልም፤ ጩኸቱ አደናገረኝ አልልም። እማማ ማርታ ያን ቀን እግራቸው ላይ እንዳልወድቅ ከለከሉኝና ነጠላቸውን አንሥተው፣ የግቢያቸውን በር ክፍት ትተው፣ በእግራቸው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ልጃቸው ትኬት ወደሚቆርጥበት መስኮት ነበር የሚሄዱት። እኔ ግቢው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ ቁልቁል እየፈጠኑ ሲሄዱ አያቸው ነበር፤ ልከተላቸው መብት አልነበረኝም።